አንድ ዙር ይጨመር!

ሪሀና አንድ የታክሲ ሹፌር መውደዷን የሰማችው ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው። የተናገሩት ጎረቤታቸው እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። የተነገራት እናቷ ሐሚዳ ናት። ሪሀና ራሷ ሱቁን ከጓዳው ከሚለየው የችፑድ ግድግዳ ጀርባ፣ አንድ እግሯን ነጠላ ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ ከአልጋ ሥር ትፈልግ ነበር። ችፑዱ እንኳን ወሬ፣ ስኳር ሲሰፈር ያሰማል። «እኔ አልዋሽም ሐሚዳዬ፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ። «ከሃያ ሁለት ትሳፈራለች፣ መገናኛ ትደርሳለች፣ ሰዉ ሁሉ ሲወርድ እሷ አትወርድም። ተመልሳ ትመጣለች። ደግሞ ሄዳ ደግሞ ትመጣለች። ሁልጊዜ ያው ታክሲ፣ ያው ሹፌር። ሒሳብ ስትከፍል አላየሁም። ማርያምን፣ ይኼ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» እትዬ የሻሽወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። ወሬ ሆዳቸው ውስጥ ካደረ ቁርስ አይወርድላቸውም እንጂ።

ሪሀና ትራሱን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ሳቀች። ሹፌሩ ጋሽ ገብረሰንበት ናቸው። የልጅ ልጅ ያዩ፣ መነጽራቸውን ከጆሯቸው በጫማ ክር የሚያስሩ፣ ተሳፋሪ የጠፋ ዕለት መሪያቸውን እያሻሹ ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌ። ሒሳብ አልቀበልም ያሏት አንድ ቀን መልካቸውን በእርሳስ ስላ የሰጠቻቸውን ቤታቸው ወስደው ለባለቤታቸው ቢያሳዩ፣ ባለቤታቸው «እንዲህ ያለ ባል እንዳለኝ አላውቅም ነበር» ብለው ዶሮ ስለሠሩላቸው ነው። እና አሁን እኚህ ሰው ውዷ ሆነው አረፉት። ይህን ስትነግራቸው መነጽራቸው እንዴት እንደሚወድቅ አሰበችና ሌላ ሳቅ መጣባት፤ ሆዷን ያዘች። ሳቋን ቀጥ ያደረገው የታላቅ ወንድሟ የአብዱልገኒ ድምፅ ነው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። የዘይት ጀሪካን በእግሩ እየገፋ፣ የሳሙና ዋጋ እንደሚናገር ሰው፣ «ዛሬ የመጨረሻዋ ነው» አለ። «ከነገ ጀምሮ ከዚህ ሱቅ አትወጣም።» ሪሀና እናቷ አንድ ነገር ትላለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ምንም አላለችም። እትዬ የሻሽወርቅ እንኳ ደንገጥ ብለው «ኧረ እንደዚያ እንኳ አይሁን» ሲሉ እናቷ ምንም አላለችም።

ተናደደች። ሌባ እንኳ ሲያዝ «ሰርቀሃል ወይ» ተብሎ ይጠየቃል። ሻሿን አሰረችና ወደ ሱቁ ወጣች፤ ሁሉንም ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት አንዲት ሴትዮ ገብታ ሩብ ኪሎ ስኳርና ሁለት ሻማ አለች። አብዱልገኒ ወደ መደርደሪያው ዞረ፣ እናቷ ወደ ሚዛኑ ዞረች፣ እትዬ የሻሽወርቅ ወደ በሩ ዞሩ። እዚያ ቤት ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። ከደሴ መጥተው ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ይህችን ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ፣ ይልቁንም አባታቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ሦስቱም ከባንኮኒው ኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ገበያተኛ ሲመጣ ገበያተኛውን ያያሉ፣ ሳይመጣ መንገዱን ያያሉ። ማታ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሬዲዮኑን ያያሉ። ፍቅር የለም ማለት አይደለም። አብዱልገኒ ለሪሀና ሲል ራቱን ይተዋል፤ እሷም የተቆረጠውን ሰንደሉን ጥቁር ክር ስታጣ በነጭ ክር ሰፍታለታለች። ግን ከተያዩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ከሦስቱ የሚያውቅ የለም። «ልሄድ ነው» አለች ሪሀና። «ሂጂ» አለ አብዱልገኒ ለሳርዲን ጣሳዎቹ። እንዲህ በቀላሉ መልቀቁ ገረማት፤ የመጨረሻዬ ስለሆነ አዝኖልኝ ይሆናል አለች።

የመጨረሻዋ መሆን ያለበት ዛሬ መሆኑ ነው ያንገበገባት። ከሩዋንዳ ኤምባሲ ወረድ ብሎ ጥሩነሽ የምትባል ሴት ክትፎ ቤት ልትከፍት ነው። ቤቱ ከሁለት ግንብ መሀል የተሰረቀ ይመስላል፤ ረጅምና ጠባብ፣ በሁለቱም ግድግዳ ሥር አግዳሚ የተደረደረበት። ጥሩነሽ በሰው በሰው ስለ ሪሀና ሰምታ ነበር የጠራቻት። ግድግዳዎቹን አሳይታ፣ «የኔ እናት፣ ሐሳብ ያለው ሥዕል ነው የምፈልገው» ብላታለች። «ጎጆና ጀንበር መጥለቂያማ ሁሉም ቤት አለ። እስከ ዛሬ ሳምንት ከሰዓት ካላመጣሽ ግን እሱንም የሚስል ሰው አግኝቻለሁ።» ዛሬ ያ ሳምንት ሞልቶ ከሰዓቱ እየመጣ ነው። ሪሀና ደግሞ አንድ ሐሳብ የላትም። ሐሳብ የሚባለው ነገር ድሮም አይወዳትም። መጀመሪያ መሳል ያማራት ጊዜ ከጓዳው ጥግ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ እርሳሷን ቀርጻ፣ ሐሳብ ይመጣል ብላ ለወራት ጠብቃለች። ሐሳብ አልመጣም፤ የመጣው እንቅልፍ ነው። ከጆንያው ላይ ስትነሳ የቀሚሷ ኋላ ዱቄት በዱቄት ሆኖ እናቷ «ምነው ልጄ፣ እየጋገርሽ ነው ወይ?» ትላታለች።

ያዳናት ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥበት ውይይት ታክሲ ነው። አንድ ጠዋት መገናኛ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቂ ተብላ ተልካ ስትሳፈር፣ ፊት ለፊቷ አንዲት ሴት አውራ ዶሮ አቅፋ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አኩርፋለች፣ ዶሮውም አኩርፏል፤ ሁለቱም በአንድ አፍንጫ የተኮሳተሩ ይመስላሉ። ሪሀና የያዘችውን የሲጋራ ስቴካ ካርቶን ገነጠለችና ነጩ ጀርባው ላይ መሳል ጀመረች። ሴትዮዋ ሳትወርድ ልጨርስ ብላ ስትሽቀዳደም እንቅልፍም ፍርሃትም ሳያገኛት መገናኛ ደረሰች። የሽንኩርቱን ዋጋ መጠየቋን ረስታው ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲህ ሱቁ የጠዋት ዳቦውን ሸጦ ጋብ ሲል ትወጣለች። ዝናብም ቢሆን፣ በዓል ካልሆነ በቀር፣ ደስ ብሏትም ሳይላትም ትወጣለች። ሕግ አበጅታለታለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው የዕለት ሥራዋ ነው፤ ይኼ ቆንጆ ነው ይኼ አስቀያሚ ነው ብሎ መምረጥ የለም። ላጲስ አትይዝም። ሰውየው «ወራጅ አለ» ካለ ደግሞ ሥዕሉ በቆመበት አለቀ፤ እቤት ሄዶ ከሆድ አውጥቶ መሙላት ክልክል ነው። ስለዚህ ከስቴካዎቿ መሀል አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሰውዬ አለ፣ ሌላው ጆሮው ለም ሆቴል ጋ ወርዷል። አገጭ የሌላት ነርስም አለች። መጀመሪያ ላይ የሠራቻቸው ሁሉ ድንች ይመስሉ ነበር። ቆይተው ዓይን አወጡ፣ ቆይተው ደግሞ መከፋትና መሳቅ ጀመሩ፤ መቼ እንደሆነ ግን ራሷም አላየችውም። እቤት መሳሏን ያውቃሉ። የት ነው የምትስዪው ብሎ የጠየቃት ግን የለም፣ እሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም።

ጋሽ ገብረሰንበት ተራቸው ደርሶ ሞተር አስነስተው ነበር። ከሃያ ሁለት መገናኛ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ረዳት የላቸውም፣ ሳንቲሙ እጅ በእጅ እየተቀባበለ በትንሿ መስኮት ወደ ፊት ይደርሳቸዋል። ሪሀና ከኋላ ወጥታ የተለመደ ቦታዋን ያዘች። በሁለቱ አግዳሚዎች ላይ ሰዉ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል። ጃንጥላ የያዙ አዛውንት አሉ፣ ሁለት ጥቅል ጎመን የታቀፈች ሴት አለች፣ የኮተቤ ተማሪ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ወሬው ገና ከመነሳታቸው ደርቷል። አያት አካባቢ ያለው ሜዳ ሁሉ ቪላ ሊሆን ነው ይባላል አሉ አዛውንቱ። «እዚያ ማን ሄዶ ይኖራል? ጅብ ነው ያለው!» አለች ባለ ጎመኗ። «ጅቡም ቢሆን ቀብድ ካልከፈለ አይሸጡለትም» አለ ተማሪው፤ ታክሲው በሳቅ ተናጋ። በዚህ መሀል አንድ ግዙፍ ሰው፣ የዘበኛ ካፖርት ደርቦ፣ ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ገባ። ባዶ የቀረው ከሪሀና ፊት ለፊት ያለው ቦታ ብቻ ነበር። ተቀመጠ። ጉልበቱ ጉልበቷን ነካ። ሪሀና እንደ ልማዷ ካርቶኗን ጭኗ ላይ አስተካክላ ቀና ከማለቷ በፊት ወደ ታች አየች፤ አንድ ሰንደል ጫማ አየች። ጥቁር ሰንደል፣ በነጭ ክር የተሰፋ።

ያ አላህ! ሳቁ ከእግር ጥፍሯ ተነሳ። አብዱልገኒ ነው፤ ሱቁን ጥሎ የጎረቤቱን ዘበኛ ካፖርት ለምኖ፣ በዚህ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ሹፌሩን ሊይዝ መጥቷል። ግንባሩ ላይ ላቡ መውረድ ጀምሯል። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ልውረድ ወይስ ልናገር ብላ አሰበች፤ ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ይሳላል። የመጨረሻ ቀኗ ከሆነም በሕጓ ትጨርሳለች። እርሳሷን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች። ከዓይኑ ጀመረች፤ ሌላ የሚታይ ነገርም አልነበረውም። እዚያ ላይ ግን እጇ ቆመ። የስንቱን ባዳ ዓይን በአንድ ትንፋሽ ሠርታለች። የወንድሟን ዓይን ግን አታውቀውም። ቡናማ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ቀላ ይላል፣ ከሥሩ ቆዳው ሁለት ቦታ ተጨማዷል። መቼ ተጨማደደ? ከሳቋና ከሐዘኗ የትኛው እንደሚያሸንፍ ሳታውቅ መሳሏን ቀጠለች።

አብዱልገኒ በበኩሉ ሹፌሩን ለማየት ወደ ትንሿ መስኮት አንገቱን ሰገግ አደረገ። መላጣ ራስና በጫማ ክር የታሰረ መነጽር ታየው። ግራ ገባው። ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብሎ በተቀየረ ድምፅ፣ «አባቴ፣ ይህ ሹፌር ለዚህች ልጅ ምኗ ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሹፌሩ? ምኗ ይሆናል፣ ሹፌሯ ነዋ!» አሉ አዛውንቱ ጮክ ብለው። «ይልቅ አትነቃነቅ፣ ልጄ። እየሳለችህ ነው።»

«ምን?»

«ሠዓሊያችን ናት» አለች ባለ ጎመኗ። «ዕድለኛ ነህ። እኔ ስንት ጊዜዬ ነው ፊት ለፊቷ ልቀመጥ ስሻማ፤ ሁልጊዜ አንዱ ይቀድመኛል። ጋቢውን አውርደው እንጂ! ጋቢ ልትስል ነው እንዴ የመጣችው?» ተማሪው «ይውረድ! ይውረድ!» አለ። ታክሲው በሙሉ ተቀበለው። አብዱልገኒ ጋቢውን ጨበጠ፤ ባለ ጎመኗ ግን እጇ ፈጣን ነው፣ ጋቢውን ከአፍንጫው ላይ ገፈፈችው፣ አዛውንቱም በጃንጥላቸው ጫፍ ኮፍያውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉለት። የአብዱልገኒ ፊት፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ለሕዝብ ተገለጠ። ሪሀና ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ዕንቅፋት እንደመታው ሰው አፉን ከፍቶ፣ «አንቺ...» ሲል መላው ታክሲ በአንድ ድምፅ ጮኸበት።

«አትናገር! አፍህ ላይ ደርሳለች!»

አፉን ዘጋ። ጌታውም ሎሌውም የማይከለክለው አብዱልገኒ፣ ሱቁ ውስጥ ቃሉ ሁለት የማይሆነው አብዱልገኒ፣ በጎመን ነጋዴ ትእዛዝ አፉን ገጥሞ ተቀመጠ። ለም ሆቴልን አለፉ። ማንም «ወራጅ አለ» አላለም፤ እዚያ መውረድ የነበረበት አንድ ሰውዬ ሒሳቡን ከፍሎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መገናኛ ሲደርሱ ጋሽ ገብረሰንበት ፍጥነታቸውን ቀንሰው በመስኮቷ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ምን ቀረሽ?»

«አፉና አገጩ፣ ጋሼ!»

«አገጩ ትልቅ ነው?»

«በጣም!» አሉ ተሳፋሪዎቹ።

«እንግዲያስ አንድ ዙር» አሉና መሪያቸውን አዙረው አደባባዩን መዞር ጀመሩ። ታክሲው ሲታጠፍ የግራው አግዳሚ በሙሉ ወደ ቀኙ ዘመመ፤ አንድ ጥቅል ጎመን ተንከባሎ አብዱልገኒ እግር ሥር ቆመ፤ እሱ ግን እንዳይነቃነቅ ተብሏልና አላነሳውም። አንዱ ዙር አለቀ። አገጩ አላለቀም። «አንድ ዙር ይጨመር!» ብሎ ተማሪው ጮኸ፣ ሌሎቹም «ይጨመር! ይጨመር!» አሉ። ሥራ የረፈደባቸው፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያላቸው፣ ሁሉም ይጨመር አሉ። ተጨመረ። የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ መጥቶ አስቆማቸውና ከኋላ አንገቱን አስገባ። አሥር ሰው ትንፋሹን ይዞ አንድ ባለ ካፖርት ሰው ሲመለከት አየ። «ምንድነው? ምን ሆኖ ነው?» አለ። አዛውንቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «እየተሳለ ነው» አሉት በሹክሹክታ። ፖሊሱ ወደ ካርቶኑ አየ፣ ወደ አብዱልገኒ አየ፣ እንደገና ወደ ካርቶኑ አየ። «አፍንጫው ላይ ትንሽ ቀንሰሽለታል» አለና ፊሽካውን ነፍቶ አሳለፋቸው።

በሦስተኛው ዙር ላይ ነው የሆነው። ታክሲው ሲታጠፍ ሪሀና ለአፍታ እርሳሷን አንስታ ግራና ቀኝ አየች። በዚህ በኩል አምስት ፊት፣ በዚያ በኩል አምስት ፊት፣ ጉልበት ለጉልበት፣ ሁሉም እየተያየ፣ ሁሉም እየሳቀ። ጠባብና ረጅም ቤት። በሁለቱም ጎን አግዳሚ። «ያ አላህ!» አለች ድምፅ አውጥታ። የጥሩነሽ ክትፎ ቤት ውይይት ታክሲ ነው! ሐሳብ ብላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችው ነገር በየጠዋቱ ስትሳፈርበት ኖሯል፤ አልጋዋ ሥር በስቴካ በስቴካ ተከምሯል። ደስታው ከመቀመጫዋ ሊያስነሳት ደረሰ። አገጩን በሁለት መስመር ዘጋችና «አለቀ!» ብላ ካርቶኑን ከፍ አደረገችው። ጭብጨባው አደባባዩ ማዶ ካሉት ሊስትሮዎች ድረስ ተሰማ። ጋሽ ገብረሰንበትም ጥሩምባቸውን ለቀቁት።

ሰዉ እየሳቀ ወርዶ ሲያልቅ ታክሲው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አብዱልገኒ ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው። ጎመኑ አሁንም እግሩ ሥር ነበር፤ ባለቤቷ ረስታው ሄዳለች።

«እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለ።

«እንዲህ ነህ፣ ጋሼ።»

«ደክሞኛል።»

«አዎ። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እዚህ እንደምትመጪ፣ ይኼን እንደምትሠሪ...»

«መቼ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናውቃለንና?» አለች ሪሀና። ወቀሳ አልነበረም፣ ግን ሲወጣ ድምፅዋ ተሰበረ። አብዱልገኒ ካፖርቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። «ወላሂ፣ ዘበኛው ካፖርቱን ያዋሰኝ ሌባ ላድን ነው ብዬው ነው» አለ። ሁለቱም በሳቅ አግዳሚው ላይ ተጋደሙ። ጋሽ ገብረሰንበት በመስኮቷ ዞረው ምን ያስቃችኋል ሲሏቸው፣ እሷን በፍቅር ማክነፋቸውን ነገረቻቸው። መነጽራቸው እንዳሰበችው ወደቀ፣ በጫማው ክር ተንጠልጥሎ ቀረ። «ለባለቤቴ ይህን እንዳትነግሩብኝ» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ወይም ንገሩልኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነው። ጋሽ ገብረሰንበት የመስመር ሰሌዳቸውን ገልብጠው ወደ ሃያ ሁለት፣ ከሃያ ሁለት ስቴካዎቹን በዘይት ካርቶን ጭነው ወደ ሩዋንዳ ወሰዷቸው። ካርቶኑን የተሸከመው አብዱልገኒ ነው። ጥሩነሽ ወንበር እያስጠረገች አገኟት። ሪሀና ሳትተነፍስ ነገረቻት፤ ግራው ግድግዳ አንድ ረድፍ ፊት፣ ቀኙ ግድግዳ አንድ ረድፍ ፊት፣ ሰው ሊበላ ሲገባ ታክሲ የተሳፈረ ይምሰለው። ጥሩነሽ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ አንድ እያወጣች አየች። አውራ ዶሮ ያቀፈችውን ሴት ስታይ በሳቅ ፈነዳች። ባለ አንድ ጆሮውን ሰውዬ ስታይ ግን ፊቷን ቋጠረች።

«የዚህ ሰው ሌላው ጆሮው የት አለ?»

«ለም ሆቴል ጋ ወረደ።»

ጥሩነሽ ጭኗን መታች። «ይህን በሩ ላይ ነው የምሰቅለው!» አለች። «ሒሳብ ሳይከፍል የሚወርድ ካለ ጆሮው እዚህ እንደሚቀር ይወቅ!» መዶሻና ምስማር አስመጣች፤ ለሁለቱም ለስላሳ ከፈተችላቸው። አብዱልገኒ ሚሪንዳውን ይዞ ጥግ ቆሞ፣ የራሱ ሥዕል ሲሰቀል ሲያይ፣ «የለም የለም፣ የኔ ፊት የሰው ክትፎ ላይ አያፈጥም» አለ። ሪሀና እሺ ብላ ልታወርደው ስትል ጥሩነሽ ራቅ ብላ ተመልክታ፣ «ከሁሉም ይኼ ነው ያማረው። ዓይኑን አየሽው?» አለች። አብዱልገኒ ሚሪንዳውን ተጎነጨ። «እንግዲያስ እዚያ ጥግ ላይ ምን ያደርጋል?» አለ። «ታክሲ ከሆነ ከሹፌሩ ኋላ ይሁን። እሱ ቦታ ጥሩ ነው፣ ንፋስ አይመታም።» ምስማሩን በገዛ እጁ መታው። ሁለት ጊዜ ስቶ ጣቱን መታ።

የከሰዓቱን ዐስር ሰላት ሰግደው ሲመለሱ እትዬ የሻሽወርቅ ሱቁ ውስጥ ከሐሚዳ ጎን ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ቤታቸው የሄዱም አይመስሉም። ሐሚዳ ደጋግማ ሚዛኑን ስትወለውል ውላ ሳህኑ እንደ መስታወት ያበራል። ቀና ብላ ሁለቱን አብረው ስታይ እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። የጠየቁት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው።

«እህስ፣ አገኘኸው?»

«አገኘሁት» አለ አብዱልገኒ።

«እኔ ምን አልኩ! ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር?»

«ፊት ለፊቷ ነበር የተቀመጠው።»

«ወይ ጉድ! የማን ልጅ ነው?»

አብዱልገኒ የራሱን በርጩማ ከባንኮኒው ኋላ አነሳ። መንገዱን ከሚያይበት ከዘመናት ቦታው አንስቶ አዞረና እናቱ ፊት ለፊት አስቀመጠው። ተቀመጠ። ጉልበቱ ጉልበቷን ነካ። «የሐሚዳ ልጅ ነው» አለ።

ከዚያ ሪሀና መያዝ አቃታት፤ ሳቋ ፈነዳ። ካፖርቱን፣ ጎመኑን፣ ፊሽካውን፣ አደባባዩን፣ ሁሉንም ወንድምና እህት እየተቀባበሉ ሲያወሩ እትዬ የሻሽወርቅ በሳቅ እንባ ጉንጫቸውን ጠረጉ፤ ወሬያቸው ከሽፎ እንኳ እንዲህ ያለ ወሬ ማግኘታቸው ሳይሻላቸው አልቀረም። «እኔንስ አትስዪኝም?» አሉ። «እርስዎንማ ከጆሮዎ ነው የምጀምረው፣ እትዬ የሻሽ» አለች ሪሀና፤ «ሌላው ቢጎድል እሱ እንዳይጎድል።» እትዬ የሻሽወርቅ ጆሯቸውን ዳሰሱና ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ሐሚዳ ግን አልሳቀችም። ልጇን እያየች ነበር። ፊቱን፣ የቀሉትን የዓይኑን ጥጎች፣ ከሥር የተጨማደደውን። እጇን ዘርግታ ግንባሩ ላይ የደረቀውን ላብ በሚዛኑ ጨርቅ ጠረገችለት። ከዚያ ወደ ሪሀና ዞረች።

«ታክሲው በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«ሁለት ሰዓት ላይ፣ እማዬ።»

«ሱቁን እኔ እይዛለሁ» አለ አብዱልገኒ። «ብቻ አፍሽ ላይ ስትደርስ እንዳትናገሪ። ይጮኹብሻል።»

«ዝም ማለቱን እንኳ ዛሬ ጠዋትም ችዬበታለሁ» አለች ሐሚዳ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከሪሀና ሳትነቅል። ሪሀና እናቷ ዓይኗን እስክትሰብር ጠበቀች፤ አልሰበረችም። ሐሚዳ ጨርቁን አጣጥፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና ሻሿን በጣቷ ነካ አደረገች።

«ነጩን ልልበስ ወይስ ጥቁሩን?»

«ነጩን» አለች ሪሀና።